ከትልቁ ስም ሥር ያለው ትንሹ ስም

«ግሬፕ ነትስ» የተባለው የቁርስ እህል በስሙ የወይን ፍሬንና ለውዝን ይጠራል። ካርቶኑ ሲከፈት ግን ወይንም ለውዝም የለበትም፤ ያለው ተጋግሮ የተፈረፈረ ስንዴና የገብስ ብቅል ነው። አሜሪካዊው ሲ. ደብሊው. ፖስት እ.ኤ.አ. በ1897 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ከ120 ዓመት በላይ በዚሁ ስም ሲሸጥ ኖሯል።

ይህ እንዴት ተፈቀደ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የታሸገ ዕቃ ሁለት ስም ያለው መሆኑ ነው። አንደኛው በትልቅ ፊደልና በደማቅ ቀለም የሚጻፈው የንግድ ምልክቱ ነው። ሁለተኛው ከሥሩ ወይም ከጎኑ በትንሹ የሚጻፈው፣ ዕቃው በእርግጥ ምን እንደሆነ የሚናገረው ስም ነው፦ «የሮማን ጣዕም ያለው መጠጥ»፣ «በረዶ የሆነ የወተት ጣፋጭ»፣ «የውሻ ምግብ» ይላል። ሕግ ምንነቱን እንዲገልጽ በቀጥታ የሚያስገድደው ይህን ሁለተኛውን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1169/2011 በአንቀጽ 17 የምግብ ስም በንግድ ምልክት ወይም በፈጠራ መጠሪያ ሊተካ አይችልም ይላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም የምግቡ መለያ ስም በማሸጊያው የፊት ገጽ ላይ በደማቅ ፊደል እንዲሰፍር ይጠይቃል።

ትንሹን ስም ለማግኘት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በአውሮፓ ሕግ የምግቡ ስምና የተጣራ ክብደቱ በአንድ እይታ አብረው መታየት አለባቸው። ስለዚህ «500 ግራም» ወይም «1 ሊትር» የሚለውን ቁጥር ይፈልጉ፤ እውነተኛው ስም በዚያው ገጽ ላይ አለ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጀርባ በኩል ነው፤ የፊደሉም ዝቅተኛ ቁመት፣ በትንሿ የላቲን «ኤክስ» ሲለካ፣ 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የፊት ገጹን ብቻ አይቶ ቅርጫት ውስጥ የሚጨምር ገዢ ሳያየው ቢያልፍ አይፈረድበትም።

መዝጋቢው የሚጠይቀውና የማይጠይቀው

የንግድ ምልክት መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ ስሙ ከሌላ ነጋዴ ስም ጋር እንዳይምታታ መጠበቅ ነው። በውስጡ ያለውን ዕቃ ቀምሶ ወይም መዝኖ አያይም። ከዚህም በላይ ዕቃውን በቀጥታ የሚገልጽ ስም ለማስመዝገብ እጅግ ይከብዳል። «የብርቱካን ጭማቂ» የሚለውን መጠሪያ አንድ ድርጅት የግሉ ቢያደርገው ሌሎቹ ጭማቂ ሻጮች ዕቃቸውን የሚጠሩበት ቃል ያጣሉና መዝጋቢው አይቀበለውም። ትርጉም የሌለው የፈጠራ ስም ግን ጠንካራውን ጥበቃ ያገኛል። ጆርጅ ኢስትማን በ1888 «ኮዳክ» የሚለውን ቃል ከባዶ ፈጥሮ ማስመዝገቡ የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ቋንቋን የሁሉም አድርጎ ለማቆየት የወጣ ሕግ አምራቹን ከግልጽ ስም ይልቅ ወደ እንግዳ ስም ይገፋዋል። ስለዚህ የስም እንግዳነት ብቻውን የማጭበርበር ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

አታላይ ስምን የሚከለክል አንቀጽም አለ። በአሜሪካ መመዘኛው ሦስት ጥያቄ ነው። ስሙ ስለ ዕቃው የሌለውን ይናገራል? ገዢው ያንን ያምነዋል? ማመኑስ ለመግዛት ከወሰነበት ምክንያት አንዱ ሊሆን ይችላል? ሦስቱም «አዎ» ከተባሉ ምዝገባው ይከለከላል። በ1988 «ላቪ ላም» የሚል ስም የያዘ የመኪና ወንበር ልብስ በዚህ መመዘኛ ወድቋል፤ «ላም» በእንግሊዝኛ የበግ ግልገል ሲሆን ልብሱ ግን ከበግ ቆዳ የተሠራ አልነበረም። አምራቹ በማስታወቂያው ላይ ዕቃው ሰው ሠራሽ መሆኑን ቢገልጽም ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ የሚመዘገበው ስሙ እንጂ ማስታወቂያው አይደለምና። መመዘኛው ጥሩ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ስም በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ያመልጣል፦ «ማንም አስተዋይ ገዢ ይህን ቃል በቃል አያምነውም» የሚለው መከራከሪያ ብዙ አምራቾችን አድኗል።

ይህ መከራከሪያ የት ድረስ እንደሚሄድ በ2009 ኮካ ኮላ ላይ የቀረበው ክስ ያሳያል። «ቫይታሚን ዋተር» የተባለው መጠጥ በስሙ ቫይታሚንና ውኃን ብቻ ይጠራል፤ ባለ 20 አውንሱ ጠርሙስ፣ ማለትም 591 ሚሊ ሊትሩ፣ ግን 33 ግራም ያህል ስኳር ነበረበት። ይህም 8 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። የድርጅቱ ጠበቆች መጠጡ ጤናማ ነው ብሎ የሚሳሳት ምክንያታዊ ሸማች የለም ሲሉ ተከራከሩ። በ2010 ዳኛው ክሱን ውድቅ ለማድረግ አልፈቀዱም፤ ስሙ ስኳርን ዘልሎ ሁለቱን ብቻ መጥራቱ ራሱ ሊያሳስት ይችላል አሉ። ሚዛኑን የጠበቀ ንባብ ይኸው ነው፦ ከስሙ የተዘለለው ነገር ከተጠራው እኩል ሊፈተሽ ይገባዋል።

ሊነበቡ የማይችሉ ስሞች

በኢንተርኔት ገበያ ላይ ቻርጀር፣ ጓንት ወይም የእጅ ባትሪ የሚፈልግ ሰው አናባቢ የጎደላቸው፣ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ የላቲን ፊደላት የተደረደሩ ስሞች ይገጥሙታል። አብዛኞቹ በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የላቸውም። ከጀርባቸው ያለው ምክንያት አስተዳደራዊ ነው። አማዞን በ2017 ባሻሻለው የብራንድ መዝገብ ለመታቀፍና የተሻለ የሽያጭ ገጽ ለማግኘት ሻጩ የንግድ ምልክት እንዲኖረው ተጠየቀ። በተለይ ከቻይና በቀጥታ የሚሸጡ ብዙ ነጋዴዎች በፍጥነት የሚያልፍ ስም ያስፈልጋቸው ነበር፤ ትርጉም የለሽ የፊደል ድርድር ደግሞ ከማንም ጋር አይጋጭም፣ ዕቃውንም አይገልጽም፣ መርማሪውም ለመከልከል ምክንያት አያገኝም።

ጎርፉ መዝገቡን አጨናንቆታል። የአሜሪካው የፓተንትና የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት በነሐሴ 2019 (እ.ኤ.አ.) የውጭ አመልካቾች በአገሩ ፈቃድ ያለው ጠበቃ እንዲወክላቸው አስገደደ። በታኅሣሥ 2021 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ መቀመጫውን በቻይናዋ ሼንዜን ያደረገ፣ ለሌሎች ማመልከቻ የሚያስገባ አንድ ድርጅት ደንብ በመጣሱ ከ15,000 በላይ ማመልከቻዎችን የሚመለከት ቅጣት ተጣለበት።

ለገዢው ዋናው ችግር የስሙ አስቀያሚነት አይደለም፤ ስሙ ታሪክ አለመያዙ ነው። ብራንድ የሚጠቅመው ዕቃው ሲበላሽ የሚወቀስ፣ ሲሠራ ደግሞ ተመልሶ የሚገዛ ባለቤት ስላለው ነው። አንድ ፋብሪካ የሠራው ቻርጀር በአሥር ስም ሊሸጥ ይችላል፤ አንዱ ስም መጥፎ አስተያየት ሲበዛበት ይጣላል፣ ዕቃው በሌላ ስም ይመለሳል። ስለዚህ ስሙን ትቶ ሌላ ነገር መመርመር ያስፈልጋል። የዕቃውን ፎቶ በምስል መፈለጊያ ያስገቡና ያው ዕቃ በስንት ስም እንደሚሸጥ ይዩ። የሞዴል ቁጥሩን ይፈልጉ። በኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ «ዩኤል» የተባለው የደኅንነት መርማሪ ድርጅት ምልክት ካለ አብሮት ያለውን የፋይል ቁጥር በድርጅቱ የመረጃ ቋት ውስጥ ያረጋግጡ፤ ቁጥሩ የሌላ ድርጅት ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ ዕቃውን ይተዉት። «ሲኢ» የሚለው የአውሮፓ ምልክት በአብዛኛው ዕቃ ላይ አምራቹ ራሱ በራሱ ኃላፊነት የሚለጥፈው ስለሆነ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ምልክቱ «የቻይና ኤክስፖርት» ማለት ነው እየተባለ የሚናፈሰው ወሬ ግን ሐሰት ነው።

የተዋሰ አገር

«ሃገን-ዳዝ» የሚለው ስም የስካንዲኔቪያ መስሎ ይሰማል። በዴንማርክኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ ትርጉም የለውም፤ በአጻጻፉ ውስጥ ያለችው ባለ ሁለት ነጥብ ፊደልም በዴንማርክ ፊደላት ውስጥ የለችም። አይስክሬሙን በ1960 ገደማ በዚህ ስም የጀመሩት በኒውዮርክ ብሮንክስ ይኖሩ የነበሩት ሩበን ማተስ ናቸው። በ1980 ድርጅቱ «ፍሩሰን ግላድየ» የተባለ ሌላ አሜሪካዊ አይስክሬም የስካንዲኔቪያ መልኬን ወሰደብኝ ብሎ ሲከስ ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን አልተቀበለም፤ ከሳሹ ራሱ ያልሆነውን የመሰለ ነውና። እንግሊዛዊው «ሱፐርድራይ» ልብሶቹ ላይ የጃፓን ጽሑፍ ያትማል። በ2013 በቻይና የተመሠረተው «ሚኒሶ» የተባለ የሱቆች ድርጅት ለዓመታት የጃፓን መልክ ይዞ ከቆየ በኋላ በ2022 ይቅርታ ጠይቆ ያንን መልክ እንደሚተው አስታውቋል።

አገር ስሙን ሲያስከብር ውጤቱ በማሸጊያ ላይ ይታያል። ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የስዊዘርላንድ ሕግ ምግብ በስዊዝነት ለመጠራት በአጠቃላይ 80 በመቶ ጥሬ ዕቃው በክብደት ከአገሩ እንዲሆን፣ የፋብሪካ ዕቃ ደግሞ 60 በመቶ የማምረቻ ወጪው እዚያው እንዲወጣ ይጠይቃል፤ ለወተት ተዋጽኦ መስፈርቱ የበለጠ ይጠብቃል። «ቶብለሮን» የተባለው ቸኮሌት ከምርቱ ከፊሉን ወደ ስሎቫኪያ ለማዛወር ሲወስን በ2023 የማተርሆርንን ተራራ ከማሸጊያው ላይ አነሳ፤ «የስዊዘርላንድ» ይል የነበረውም ጽሑፍ «በስዊዘርላንድ የተመሠረተ» ወደሚል ተለወጠ። እነዚህን ቃላት ለይቶ ማንበብ ይጠቅማል፦ «የተመሠረተ»፣ «ዲዛይኑ የተሠራ» እና «የታሸገ» የሚሉት አንዳቸውም «የተመረተ» ማለት አይደሉም። የባርኮድ የመጀመሪያ ሦስት አኃዞች የምርቱን አገር ያሳያሉ የሚለው ሰፊ እምነትም ስሕተት ነው። ከ690 እስከ 699 ያለው የቻይና፣ ከ760 እስከ 769 ያለው የስዊዘርላንድ ቢሆንም፣ የሚያመለክተው ድርጅቱ ቁጥሩን ያገኘበትን የጂኤስ1 (የባርኮድ ቁጥር የሚያድለው ተቋም) ጽሕፈት ቤት እንጂ ፋብሪካውን አይደለም።

ስሙ ላይ ያለው ፍሬ፣ ውስጥ ያለው መጠን

ከሁሉ የከፋው አሳሳች ስም በከፊል እውነት የሆነው ነው። የኮካ ኮላ የሆነው ሚኒት ሜድ የሸጠው አንድ መጠጥ «ሮማን ብሉቤሪ» የሚሉትን ቃላት በጉልህ ይዞ ነበር። ውስጡ 0.3 በመቶ የሮማን፣ 0.2 በመቶ የብሉቤሪ፣ 0.1 በመቶ የራስቤሪ ጭማቂ ነበረው፤ የቀረው 99.4 በመቶ የፖምና የወይን ጭማቂ ነው። የሮማን ጭማቂ አምራቹ «ፖም ወንደርፉል» ከሰሰና ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2014፣ 8 ለ0 በሆነ ድምፅ፣ ጽሑፉ የምግብ ደንቡን ያከበረ ቢሆን እንኳ ተወዳዳሪ ድርጅት በአሳሳችነት መክሰስ ይችላል አለ። ይሁንና በ2016 ጉዳዩን በዝርዝር ያዩት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) ለኮካ ኮላ ፈረዱ። የሩብ በመቶ ያህል ፍሬ በስም መጥራት ዛሬም በሕግ ሊያስጠይቅም ላያስጠይቅም ይችላል ማለት ነው።

የአውሮፓው ፍርድ ቤት አቋም የጠነከረ ነው። ቴካነ የተባለው የጀርመን ድርጅት «የራስቤሪና የቫኒላ ጀብዱ» የሚል የልጆች የፍራፍሬ ሻይ ይሸጥ ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ራስቤሪና የቫኒላ አበባ ነበሩ፤ ሻዩ ውስጥ ግን ከሁለቱም ምንም አልነበረም። የግብዓት ዝርዝሩ ትክክል ነበር። በሰኔ 2015 (እ.ኤ.አ.) ፍርድ ቤቱ ትክክለኛ ዝርዝር መኖሩ ብቻ በስምና በሥዕል የተፈጠረውን የተሳሳተ ግምት ሁልጊዜ አያርመውም ሲል ወሰነ። ይህ ውሳኔ በእኛ አመለካከት ትክክለኛው መንገድ ነው፤ የማሳሳቱን ሥራ የሠራው የፊት ገጽ ከሆነ የማረሙን ሸክም በገዢው ዓይን ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም።

በተግባር ሲታይ፣ በአውሮፓ ስሙ ወይም ሥዕሉ ላይ የጎላ ግብዓት መጠኑ በመቶኛ እንዲጻፍ ይገደዳል። ከግብዓቱ ስም አጠገብ ያለውን መቶኛ ያንብቡ። መቶኛው ከሌለ ዝርዝሩ ከብዙ ወደ ጥቂት የሚወርድ መሆኑን ያስታውሱ፤ የተጠራው ፍሬ ከጨው ወይም ከማቅለሚያ በታች ከሰፈረ ያለው ከቁንጥር አይበልጥም።

ትንሿ ቃል ምን ያህል እንደምትመዝን የቤት እንስሳት ምግብ ከማንኛውም ዕቃ በላይ ያሳያል። የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣናት ማኅበር ባወጣው ሞዴል ደንብ መሠረት «የበሬ ሥጋ ለውሻ» የሚል ጣሳ ለማቀነባበሪያ የተጨመረው ውኃ ሳይቆጠር 95 በመቶ የበሬ ሥጋ ሊኖረው ይገባል። «የበሬ ሥጋ እራት» ሲባል 25 በመቶ ይበቃል። «የበሬ ሥጋ ያለበት» ሲባል 3 በመቶ ነው። «የበሬ ሥጋ ጣዕም» ከተባለ ጣዕሙ መታወቁ እንጂ የተወሰነ መጠን አይጠየቅም። አራቱ ጣሳዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ ሥዕላቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። በሰው ምግብም ተመሳሳይ ነው፦ በአሜሪካ «የለውዝ ቅቤ» ቢያንስ 90 በመቶ ለውዝ፣ «አይስክሬም» ቢያንስ 10 በመቶ የወተት ቅባት መያዝ አለበት። ትንሹ ስም «የለውዝ ማባያ» ወይም «በረዶ የሆነ የወተት ጣፋጭ» ካለ ከመስፈርቱ ወጥቷል ማለት ነው። አምራች የለመዱትን ዕቃ ቀመር ሲቀይርም ትልቁ ስም እንዳለ ይቀራል፤ የሚቀየረው ይህ ትንሹ ነው።

«ዜሮ» የሚለው ቃልም የራሱ ደፍ አለው። በአሜሪካ በአንድ መመገቢያ ልክ ከ0.5 ግራም በታች የሆነ ስኳር 0 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አንዷ የ«ቲክ ታክ» ከረሜላ 0.49 ግራም ትመዝናለች፤ መመገቢያ ልኩ አንድ ፍሬ ስለሆነ፣ ከረሜላዋ በአብዛኛው ስኳር ብትሆንም፣ ሠንጠረዡ ላይ 0 ይላል። ሠንጠረዡ በ100 ግራም የተሰላ ዓምድ ካለው ያንን ብቻ ያንብቡ።

ጨርቅና ሽታ

«የቀርከሃ» ተብሎ የሚሸጠው ለስላሳ ካልሲና አንሶላ በአብዛኛው ሬዮን ነው። ቀርከሃው በካስቲክ ሶዳና በካርቦን ዳይሰልፋይድ ሟሙቶ፣ በአሲድ ውስጥ ተጨምቆ እንደገና ክር ሆኖ ይወጣል፤ የተክሉ ተፈጥሯዊ ጸረ-ባክቴሪያ ባሕርይ ጨርቁ ላይ ይቆያል የሚለውም አባባል ከዚህ ሂደት በኋላ አይጸናም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዚህ ጉዳይ በ2022 ኮልስና ዋልማርት የተባሉትን የችርቻሮ ድርጅቶች በድምሩ 5.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሏል። ከውስጥ ስፌቱ ላይ ያለችው ትንሽ ጨርቅ ጽሑፍ «ሬዮን» ወይም «ቪስኮስ» ካለች እሷን ይመኑ። «ሳቲን»ም የሽመና ዓይነት እንጂ የክር ስም አይደለም፤ ሐርም ፖሊስተርም ሊሆን ይችላል። ለመለየት ከስፌቱ ጫፍ ጥቂት ክር በመቆንጠጫ ይዞ ውኃ በያዘ ሳህን ላይ ማቃጠል ይቻላል፤ ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል፣ ሬዮን እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይተዋል።

ቆዳቸው ለሽቶ የሚቆጣ ሰዎች ደግሞ «ሽታ የሌለው» እና «ሽቶ ያልተጨመረበት» የሚሉትን መለየት አለባቸው። የመጀመሪያው ሌላውን ሽታ የሚሸፍን ሽቶ ሊኖረው ይችላል።

ስም ሲጎዳ

እስካሁን የተጠቀሱት አብዛኞቹ ገንዘብ ያስወጣሉ። መድኃኒት ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል። በአውስትራሊያ «ኑሮፌን» የተባለው የሕመም ማስታገሻ ለጀርባ ሕመም፣ ለወር አበባ ሕመም፣ ለማይግሬንና ለውጥረት ራስ ምታት የሚሉ አራት የተለያዩ ጥቅሎች ይሸጥ ነበር። አራቱም ውስጥ ያለው ያው 342 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ላይሲን ነው፤ ዋጋቸው ግን ከተራው ኑሮፌን ሁለት እጥፍ ያህል ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2015 አሳሳች ነው ሲል ወሰነ፤ የመጀመሪያው 1.7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣትም በ2016 መጨረሻ በይግባኝ ወደ 6 ሚሊዮን ከፍ አለ። ከዋጋው በላይ የሚያሳስበው ጀርባውንም ራሱንም የሚያመው ሰው ከሁለት ጥቅል አንድ አንድ ጊዜ ሲወስድ ያንኑ መድኃኒት በእጥፍ መዋጡ ነው።

በፓራሲታሞልም ያው ስሕተት ይፈጸማል፤ በሕመም ማስታገሻውም፣ በጉንፋን ዱቄቱም፣ በሌሊት ሽሮፑም ውስጥ በተለያየ ስም ይገኛል። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ፍሬ፣ ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ በላይ ጉበት ይጎዳል። ስለዚህ ከትልቁ ስም ሥር «ንጥረ መድኃኒት» ተብሎ የተጻፈውን መስመር በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ያንብቡ፣ ሚሊ ግራሙን ይደምሩ፣ ሁለት ጥቅል ላይ ያው ቃል ከታየ አንዱን ይተዉ።

የወተት አለርጂ ላለበት ሰው «ወተት አልባ» የተባለ የቡና ማንጫ ዱቄት አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ከወተት ፕሮቲን የተገኘ ሶዲየም ኬዝኔት አላቸው። የአሜሪካ ደንብ ከዚህ ግብዓት አጠገብ «የወተት ተዋጽኦ» ተብሎ እንዲጻፍ የሚያስገድደው በዚሁ ምክንያት ነው።

በላኦስ ተካሂዶ በ2008 የታተመ ጥናት ከዚህ ሁሉ የከበደውን አሳይቷል። «ቤር ብራንድ» የሚል ስም የያዘ የቡና ማንጫ ጣሳ እናት ድብ ግልገሏን አቅፋ የሚያሳይ ሥዕል ነበረው። ከተጠየቁት አዋቂዎች 46 በመቶ ሥዕሉ ዕቃው ለሕፃናት ወይም በጡት ወተት ምትክ የተዘጋጀ መሆኑን ያመለክታል ብለው ያምኑ ነበር፤ ከ18 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለልጃቸው ሰጥተውታል። ጣሳው ላይ ለሕፃን እንዳይሰጥ የሚል ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ነበረ፤ አብዛኞቹ አላነበቡትም። የቡና ማንጫ ለሕፃን ዕድገት የሚበቃ ፕሮቲን የለውም። ለጨቅላ የሚገዛ ሰው ከሥዕሉና ከትልቁ ስም ወርዶ «የጨቅላ ሕፃናት ፎርሙላ» የሚለውን ቃልና ዕድሜውን በወር የሚለይ ቁጥር ይፈልግ፤ ሁለቱ ከሌሉ ጣሳው ላይ ምንም ይሣል ምን ለሕፃን አይሰጥም።